ኮምፒውተር በዱቤ ስለሚይዘው ጽሕፈት

አንድ ነጋዴ «ዕቃውን ተረክቤአለሁ» ብሎ ደረሰኝ ከሰጠ በኋላ ዕቃው ገና በመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተከምሮ ቢገኝ ደረሰኙ ሐሰት ነው አይባልም፤ ሙሉ እውነት ነው ለማለትም ያስቸግራል። ዕቃው በእርግጥ በእጁ ገብቷል፤ ነገር ግን ከቦታው ስላልገባ ዝናብ ቢመጣ ይበላሻል። በየመደብሩ እንዲሁም በየአስመጪውና በየላኪው ቢሮ የሒሳብ ሥራ የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች የሚሰጡት ደረሰኝ ከዚህ ብዙ የማይለይ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ፋክቱሩን ጽፎ «ሴቭ» የሚለውን በተጫነ ጊዜ መኪናው «ተመዝግቧል» ሲል ይመልስለታል። ይሁን እንጂ የተጻፈው ነገር በዚያች ቅጽበት ያለው በሜሞሪው ውስጥ እንጂ በዲስኩ ላይ ላይሆን ይችላል። ሜሞሪ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ የሚያጣ ነው።

ነገሩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ለንግድ ቤቱ አዲስ ሰርቨር የሚገዛ ሰው ሜሞሪውን አብዝቶ መግዛት ልማድ አድርጎታልና። ቀድሞ 1 ጊጋ ባይት እንደ ትልቅ ሀብት ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ 64፣ 128፣ አልፎ ተርፎም 256 ጊጋ ባይት ያለው መኪና በመካከለኛ መሥሪያ ቤት ሳይቀር ይገኛል። የሜሞሪ መብዛት ጥቅም መሆኑን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ሜሞሪው ባደገ ቍጥር መኪናው ሳይጽፍ በእጁ ሊያቈየው የሚፈቀድለት ዕዳ ሳይታይ አብሮ ያድጋል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ዲስክ ግን በዚያው ልክ አልፈጠነም።

በመጀመሪያ ማዘግየቱ ራሱ ለምን እንዳስፈለገ መረዳት ይገባል። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳሕን በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ሴኮንድ ለ1,000 ቢከፈል አንዱ ዙር ከ8 የሚበልጠውን ክፍል ይፈጃል ማለት ነው። የሚጽፈው ክንድ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ሲዛወር ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጨመራል። ሜሞሪ ግን ለተጠየቀው መልስ የሚሰጠው በሴኮንድ ዐሥር ሚሊዮንኛ ክፍል ገደማ ስለ ሆነ ሳሕኑ አንድ ጊዜ እስኪዞር ድረስ ከ80,000 ጊዜ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ዋናው የሒሳብ መዝገብ በሌላ ሕንጻ የተቀመጠበት ጸሓፊ አንዲት ደረሰኝ በመጣች ቍጥር እየተነሣ ቢሮጥ የቀኑ ሥራ ሁሉ በመንገድ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ብልህ ጸሓፊ ደረሰኞቹን በጠረጴዛው ላይ ይሰበስባል፤ በየገጻቸው ያደራጃቸዋል፤ ከዚያም በአንድ ጉዞ ያወራርዳቸዋል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥቅሙም ጉዞን ከማሳጠር ያልፋል። የአንድ ዕቃ ቀሪ ቍጥር በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢለወጥ ወደ ዲስክ የሚሄደው የመጨረሻው ቍጥር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የፊተኞቹ ዘጠና ዘጠኝ ለውጦች በሜሞሪ ውስጥ ተተክተው ይቀራሉ። ፕሮግራሞች ለጊዜው ፈጥረው ወዲያው የሚሰርዟቸው ፋይሎችም ዲስኩን ጨርሶ ሳይነኩ ያልፋሉ። የቀሩት ደግሞ በዲስኩ ላይ ባላቸው የቦታ ተራ ይደረደራሉ፤ ዕቃ አድራሽ ከመርካቶ ሲነሣ የፒያሳውን ከፒያሳው፣ የቦሌውን ከቦሌው ጋራ አድርጎ እንደሚጭን ማለት ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 የተጀመረው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ይሠራበት ነበር። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1974 ስለ ሥርዓቱ ባሳተሙት ጽሑፍ ይሠሩበት የነበረው ፒዲፒ-11/45 መኪና 144 ኪሎ ባይት ሜሞሪ እንደ ነበረው ገልጸዋል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ በዚያ ውስጥ አይገባም። በዩኒክስ ልማድ አንድ ትንሽ ፕሮግራም በየ30 ሴኮንዱ እየነቃ ያልተጻፈውን ሁሉ ወደ ዲስክ ያስልክ ነበር። ሥራውን የሚያዘው ቃል «ሲንክ» ይባላል። የጥንቶቹ የኮምፒውተር ጠባቂዎች መኪናውን ከማጥፋታቸው በፊት ይህን ቃል ሦስት ጊዜ መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ብዙዎች እንደ ድግምት ይቈጥሩት ነበር፤ ነገር ግን ምክንያት ነበረው። ትእዛዙ በዚያን ጊዜ ጽሕፈቱ እስኪፈጸም ሳይጠብቅ ይመለስ ስለ ነበር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲጽፉ ዲስኩ ሥራውን የሚጨርስበት ጊዜ ያገኝ ነበር። 144 ኪሎ ባይት ላለው መኪና ያ ጥቂት ጊዜ ይበቃ ነበር።

ዛሬ በዓለም ካሉት ሰርቨሮች እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ በጀመረው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ሜሞሪን 4 ኪሎ ባይት በሚይዙ ገጾች ይከፋፍላል፤ ተጽፎበት ገና ወደ ዲስክ ያልተላለፈውን ገጽ «ደርቲ» ይለዋል፤ ትርጓሜው ቆሻሻ ማለት ነው። ስሙ አልሰመረለትም፤ ገጹ ምንም እድፍ የለበትም። በእኛ በነጋዴዎቹ ቋንቋ ትክክለኛ ስሙ «ያልተወራረደ» ነው፤ ከዚህ በታችም በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

ያልተወራረደውን የሚገዙት በዋናው አራት ቍጥሮች ናቸው። በተለመደው አቋም የማወራረጃው ሠራተኛ በየ5 ሴኮንዱ ይነቃል፤ ከ30 ሴኮንድ በላይ የቈየ ገጽ ካገኘም ወደ ዲስክ ይልከዋል። የቀሩት ሁለቱ ቍጥሮች ጊዜን ሳይሆን ብዛትን ይመለከታሉ። ያልተወራረደው ከመቶ 10 ከደረሰ የ30 ሴኮንዱ ዕድሜ ሳይጠበቅ ማወራረድ ይጀመራል። ከመቶ 20 ከደረሰ ግን ጸሓፊው ፕሮግራም ራሱ እንዲቆምና እንዲጠብቅ ይገደዳል። ይህ ከመቶ የሚታሰበውም ከጠቅላላው ሜሞሪ ሳይሆን ነጻ ከሆነውና በቀላሉ ሊለቀቅ ከሚችለው ክፍል ነው።

እነዚህ ቍጥሮች ከሰማይ የወረዱ እንዳልሆኑ ታሪካቸው ያስረዳል። የላይኛው ወሰን አስቀድሞ ከመቶ 40 ነበር፤ በ2007 ወደ 10 ወረደ፤ በ2009 እንደገና ወደ 20 ወጣ። እንደ ቡና ዋጋ ከፍና ዝቅ ማለቱ ለሁሉ የሚስማማ አንድ ቍጥር አለመገኘቱን ያሳያል። ከዚህም የሚበልጠው ነገር ቍጥሩ ሲወጣና ሲወርድ መለኪያው ሳይለወጥ መቅረቱ ነው፤ ሁልጊዜ የሚለካው ከሜሞሪው መጠን አንጻር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ነጻ ሜሞሪው 1 ጊጋ ባይት በሆነ መኪና ከመቶ 20 ማለት 200 ሜጋ ባይት ያህል ነው። ዲስኩ በሴኮንድ 50 ሜጋ ባይት ቢጽፍ ዕዳው ሁሉ በ4 ሴኮንድ ይከፈላል፤ ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ነጻ ሜሞሪው 250 ጊጋ ባይት በሆነ መኪና ግን ያው ከመቶ 20 ማለት 50 ጊጋ ባይት ነው። ዲስኩ ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ፈጥኖ በሴኮንድ 150 ሜጋ ባይት ቢጽፍ እንኳ ዕዳውን ለመክፈል ከ5 ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈልጋል። ይህም ጽሕፈቱ በተከታታይ ስፍራ የሚገባ ሲሆን ነው። ገጾቹ በዲስኩ ላይ ወዲያና ወዲህ የተበታተኑ ከሆነ አንድ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ሊያደርሳቸው የሚችለው ከ200 የማይበልጡ ቢሆን ጠቅላላው በሴኮንድ 1 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም፤ ደቂቃውም ወደ ሰዓታት ይለወጣል።

ባንክ ለአንድ ነጋዴ የሚያበድረውን ሲወስን የሚመለከተው የሱቁን ስፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚደርስ ማንም ሊገምተው ይችላል። ሱቁ ቢሰፋም የወር ገቢው ያው ከሆነ ብድሩን በስፋቱ ልክ ማሳደግ አበዳሪውንም ተበዳሪውንም ይጎዳል። በትልቅ ሜሞሪ መኪና ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሜሞሪው የሱቁ ስፋት ሲሆን የዲስኩ ፍጥነት የወር ገቢው ነው።

ጉዳቱ በመደብር ውስጥ የሚታየው እንዴት ነው? ለምሳሌ ያህል በቀትር ሰዓት አንድ ሠራተኛ ባክአፕ የሚባለውን መጠባበቂያ ቅጂ ወደ ዝግተኛ የውጭ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ቅጂው በሚያስገርም ፍጥነት ይሄዳል፤ ምክንያቱም ሜሞሪው እየተቀበለው ነው። ከዚያ ወሰኑ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ቅጂውን የሚጽፈው ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ሌላም ለመጻፍ የሚፈልግ ፕሮግራም ሊያዝ ይችላል፤ የገንዘብ ተቀባይዋ መኪናም ደንበኛው ፊት ለፊት እንደ ቆመ ዝም ይላል። ሠራተኞቹ መረቡ ተበላሸ፣ ፕሮግራሙ ታመመ ይላሉ፤ አንዳንዱም ትዕግሥቱ አልቆ መኪናውን በመዝጊያው ያጠፋዋል፤ ከሚደረገው ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

የሊኑክስ ሠሪዎች ይህን ችግር ለማቃለል ብዙ ደክመዋል። በ2008 መጀመሪያ በወጣው አቋም ለየዲስኩ እንደ ፍጥነቱ የወሰኑን ድርሻ መስጠት ተጀመረ፤ ዝግተኛው የፈጣኑን ድርሻ እንዳይበላ ማለት ነው። በ2009 መጨረሻ ለየዲስኩ የራሱ የማወራረጃ ሠራተኛ ተመደበለት። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ ወሰኑ የሞላበት ፕሮግራም እንደ ቀድሞው ራሱ ወደ ዲስክ እየሄደ እንዲያወራርድ መገደዱ ቀርቶ ለጥቂት ጊዜ እንዲያንቀላፋ ብቻ ተደረገ፤ ማወራረዱን ለዚሁ የተመደበው ሠራተኛ ይፈጽመዋል። ይህ የመጨረሻው ብልኀት ያማረ ነው። ቀድሞ በመጋዘኑ በር ላይ ሸክም የያዘ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲጋፋ የነበረው አሁን በውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ የመጋዘኑም ሠራተኞች ያለ ሁከት ይሠራሉ። በ2017 ከዚህ ሁሉ በላይ የማወራረዱ ሥራ ራሱ የሌላውን ሰው ንባብ እንዳያፍን የሚገታ መቈጣጠሪያ ተጨመረ።

ሆኖም ነገሩ አላለቀም። በ2013 አንድ ተጠቃሚ ብዙ ሜሞሪ ባለው መኪና ላይ ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ የደረሰበትን መጓተት አንሥቶ ለሠሪዎቹ አቤት ባለ ጊዜ ቶርቫልድስ ራሱ በመቶኛ የመወሰኑ አሠራር ሜሞሪ ትንሽ ከነበረበት ዘመን የቀረ ቅርስ መሆኑን አምኗል። የፍላሹን ነገር አንባቢዎቻችን በየዕለቱ የሚያዩት ነው። በሴኮንድ 8 ሜጋ ባይት ብቻ በምትጽፍ ፍላሽ ላይ 2 ጊጋ ባይት ሲገለበጥ መኪናው በጥቂት ሴኮንድ «አለቀ» ሊል ይችላል፤ ፍላሿ ግን ገና ከ4 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ሥራ አላት። በዚያች ጊዜ መዝዞ ኪሱ የከተታት ሰው ለጉምሩክ የሚያቀርበውን ሰነድ በግማሹ ይዞ ይሄዳል። የማይክሮሶፍት ኩባንያ በ2018 መጨረሻ ካወጣው የዊንዶውስ 10 አቋም ጀምሮ ለሚነቀሉ ዕቃዎች ጽሕፈቱ እንዳይዘገይ አድርጎ ማቅረቡ ለዚሁ ነው። ለተቀሩት ዲስኮች ግን ዊንዶውስም እንደ ሊኑክስ ያዘገያል፤ የማወራረጃ ሠራተኛውም በየሴኮንዱ ካልተወራረደው ውስጥ ስምንተኛውን እጅ ለጽሕፈት ያሰልፋል።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መጓተት ነው። ስለ መጥፋት ደግሞ የሚባል አለ። በተለመደው አቋም መብራት በድንገት ሲጠፋ ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚሆን ሥራ ሊጠፋ ይችላል፤ ዲስኩ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ የ30 ሴኮንዱ ደንብ ማወራረዱ የሚጀመርበትን እንጂ የሚያልቅበትን አይወስንምና። ከዚህ የሚያድነው «ኤፍሲንክ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ፕሮግራሙ በዚህ ትእዛዝ «ይህ ፋይል በእርግጥ በዲስኩ ላይ ሳይቀመጥ አትመልስልኝ» ይላል። ደኅና ሆኖ የተሠራ ዳታቤዝ እያንዳንዱን ሽያጭ በመጀመሪያ በቀን መዝገቡ ጽፎ በዚሁ ትእዛዝ ያጸናዋል፤ ዋናውን መዝገብ ግን በዝግታ ያስተካክላል። በግዴለሽነት የተሠራ ፕሮግራም ይህን አያደርግም። በ2009 ኤክስት 4 የተባለው አዲስ የፋይል አቀማመጥ ጥቅም ላይ በዋለ ጊዜ መኪናቸው በድንገት የቆመባቸው ሰዎች አንዳንድ ፋይሎቻቸውን ባዶ ሆነው አገኟቸው። ቀድሞ የነበረው አቀማመጥ በልማድ በየ5 ሴኮንዱ ያጸናው የነበረውን አዲሱ አቆይቶ ስለሚያስቀምጥ ኤፍሲንክን የማይጠሩት ፕሮግራሞች ድክመታቸው ተገለጠ። በዚያው ዓመት ማስተካከያ ተደረገ።

ኤፍሲንክ ራሱም በ2018 ተፈትኗል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የታወቀ ዳታቤዝ ሠሪዎች በዚያ ዓመት የተረዱት ነገር እጅግ አስደነገጣቸው። ዲስኩ ተበላሽቶ ጽሕፈቱ ባይሳካ ሊኑክስ ስሕተቱን አንድ ጊዜ ይናገርና ገጹን እንደ ተወራረደ ይቈጥረው ነበር። ዳታቤዙ ሁለተኛ ሲጠይቅ «ደኅና ነው» የሚል መልስ ያገኝ ነበር፤ ያልገባ ዕቃ በመዝገብ ገብቷል ተባለ ማለት ነው። ከ2019 የካቲት ወር ጀምሮ በወጡት እትሞች ዳታቤዙ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲያገኝ እንደገና ከመጠየቅ ይልቅ ሥራውን ወዲያው አቁሞ ከቀን መዝገቡ እንዲታደስ ተደረገ። መቆሙ ለደንበኛ ባያስደስትም በሐሰት ከመቀጠል ይሻላል።

እንግዲህ ሰርቨር ያለው ነጋዴ ከባለሙያው ጋራ ሊነጋገርበት የሚገባው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ወሰኑ በመቶኛ መሆኑ ቀርቶ በቁርጥ መጠን እንዲደረግ መጠየቅ ይቻላል። ሊኑክስ ከ2009 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል፤ ቍጥሮቹም «ደርቲ ባይትስ» እና «ደርቲ ባክግራውንድ ባይትስ» ይባላሉ። መጠኑ ሲጻፍ መቶኛው ወዲያው ይሻራል፤ ሁለቱ በአንድነት አይሠሩም። ልኩን ለማግኘት ዲስኩ በሴኮንድ የሚጽፈውን ለክቶ በጥቂት ሴኮንዶች ማባዛት ነው። በሴኮንድ 150 ሜጋ ባይት ለሚጽፍ ዲስክ የ4 ሴኮንድ ዕዳ 600 ሜጋ ባይት ነው፤ ማወራረዱ የሚጀመርበት ደግሞ የዚህ ግማሽ ወይም ሩብ ቢሆን ይበጃል። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ይህን ጥበብ ይዞታል፤ በተለመደው አቋሙ የሚፈቅደው ዕዳ የሜሞሪው ከመቶ 10 ሆኖ ሜሞሪው የቱንም ያህል ቢበዛ ከ4 ጊጋ ባይት አያልፍም። መቶኛ ካስፈለገ ጣራ ይኑረው ማለቱ አስተዋይነት ነው።

ነገር ግን ወሰኑን እጅግ ማጥበብም አይገባም። ዕዳ ጨርሶ የማይወድ ሰው ንግዱ እንደማይሰፋ ሁሉ ያልተወራረደ የማይፈቀድለት መኪናም ደረሰኝ በመጣ ቍጥር እንደሚሮጠው ጸሓፊ ይሆናል። ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን የሚጽፍና የሚሰርዝ ሥራ ሰፊ ወሰን ይጠቅመዋል። ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣን ዲስክ ላለው ሰውም ጭንቀቱ ያንሳል፤ በሴኮንድ 2 ጊጋ ባይት የሚጽፍ ከሆነ 50 ጊጋ ባይቱን በ25 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ዋጋው ርካሽ በሆነው ዐይነት ግን የመጀመሪያው ፍጥነት ሁልጊዜ አይዘልቅም፤ ፈጣኑ ክፍሉ ሲሞላ ፍጥነቱ በብዙ ይወርዳል። ሻጩ በካርቶኑ ላይ የሚያሳትመው የፊተኛውን ቍጥር ነው።

ዩፒኤስ የሚባለውን የባትሪ ሣጥን በሚመለከት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ባትሪው የሚገዛው መብራት ሲጠፋ መኪናው በሥርዓት እንዲዘጋ ነው፤ በሥርዓት መዘጋት ማለት ደግሞ ያልተወራረደው ሁሉ ወደ ዲስክ እስኪገባ መጠበቅ ነው። ባትሪው የሚይዘው 5 ደቂቃ ሆኖ ከላይ የተሰላው ዕዳ 5 ደቂቃ ተኩል የሚፈልግ ከሆነ የቀረው ግማሽ ደቂቃ በጨለማ ውስጥ ይቀራል። ሜሞሪውን ከ32 ወደ 256 ጊጋ ባይት ያሳደገ ሰው ባትሪውን ያው አድርጎ ትቶት ከሆነ ወይ ባትሪውን ማሳደግ ወይ ወሰኑን ማሳነስ አለበት፤ ሁለተኛው ገንዘብ አያስወጣም። ዲስኩ ራሱም በውስጡ ትንሽ ሜሞሪ አለው፤ ለሰርቨር ተብለው በሚሠሩት ብዙዎቹ ኤስኤስዲዎች ውስጥ መብራት ሲጠፋ ይህን የሚያድን የኤሌክትሪክ ማከማቻ ይገኛል፤ ለቤት በሚሸጡት አብዛኞቹ ውስጥ ግን የለም። ሲገዙ ይህን ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

የሽያጭ ፕሮግራሙን ያቀረበውን ድርጅትም «እያንዳንዱ ሽያጭ ኤፍሲንክ ይደረጋልን?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለውም። ለጥያቄው ግልጽ መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ቢኖር መልሱን በፈተና ማግኘት ይቻላል፤ በልምምድ መኪና ላይ አንድ ሽያጭ መዝግቦ «ተመዝግቧል» በተባለ ቅጽበት ገመዱን መንቀል፣ ከዚያም አብርቶ ሽያጩ ይገኝ እንደ ሆነ ማየት ነው። በዋናው ሰርቨር ላይ ግን ይህ ከቶ አይደረግ።

የዕዳውን መጠን በዐይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው በሊኑክስ «ሜምኢንፎ» የተባለውን ፋይል ያስከፍት፤ በውስጡ «ደርቲ» እና «ራይትባክ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው ገና ያልተነካውን ዕዳ፣ ሁለተኛው በዚያች ሰዓት ወደ ዲስክ በመሄድ ላይ ያለውን በኪሎ ባይት ይናገራል። ባክአፕ በሚደረግበት ሰዓት ይህን ቍጥር በየጥቂት ሴኮንዱ አስጽፎ በወረቀት ማስቀመጥ፣ ገንዘብ ተቀባዮቹም መኪናው የቆመባቸውን ደቂቃ እንዲጽፉ ማድረግና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማስተያየት ከአንድ ቀትር የበለጠ ጊዜ አይወስድም።